የወይራው ሰይፍ

ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ሳታውቅ አረፈች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም፤ በየጾሙ እየሄድሁ ትንንሹን ኃጢአት እዘከዝክላቸውና ትልቁን በጉያዬ ይዤ እመለሳለሁ። ዛሬ ግን እጽፈዋለሁ! ልቤ እንደ ጎረምሳ ልብ ይዘላል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያዬ ሕዝብ ፊት ቆሜ ልናገረው ነው፤ ያን ለት አፌ እንዳይከዳኝ አስቀድሜ በወረቀት ላስረው ብዬ ነው። እናንተ የምታነቡት፣ እንደ ንስሐ አባት ሆናችሁ ስሙኝ። ብቻ ቸኩላችሁ "እግዜር ይፍታህ" አትበሉኝ። ገና ምኑን ሰምታችሁ!

የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ቆርጫለሁ። እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ግን ይህ ትንሹ ነው፤ ትልቁ ከኋላ ይመጣል።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። መንደራችን እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። ከመንደሩ የምንማር እኔና አያልነህ ብቻ ነበርን፤ ጧት ጧት ያን መንገድ በሩጫ እየጨረስን ከተማው ትምህርት ቤት እንውላለን። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ሃያ፤ ክፍላችን ስድስተኛ። አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን ጢሙን ላጭቶ ክፍል የሚገባ ተማሪ ሞልቶ ነበር። እኔ እጁ እንጨት የሚወድ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ቀንበር እጠርባለሁ፣ ሞፈር እጠርባለሁ። አያልነህ ዲያቆን ነው። አባቱ ሞተው፣ እናቱ እማሆይ ትርንጎ ቆብ ጭነው በእሱ ተስፋ ይኖራሉ። ድምፁንማ ምን ልበላችሁ! ምስባክ ሲል ሊያስነጥሰው የመጣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይታገላል።

አያልነህ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ ጋይንት ሄዶ ከቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ገብቶ ድጓ መማር። የዚያ ዓመት የዘውድ በዓል እንዳለፈ ሊነሣ ነው። እማሆይ የስንቁን በሶ መፍጨት ጀምረውለታል። የሚቀረው የደብራችን አለቃ ምስክርነት ነበር፤ "ይህ ልጅ ምግባሩ የታወቀ ነው" ብለው ቃል ሊልኩለት ነው። ያ ቃል ከሌለ መንገዱ የለም። ይህን እኔ አውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ አውቅ ነበር።

መምህር ታደሰ የሚባሉ የታሪክ አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጡልን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስተምሩ ላብ በላብ የሚሆኑ ሰው። በመስከረም መጀመሪያ ስለ ጥንት ሮማውያን ጦር ሲነግሩን ጠመኔውን ወርውረው የሰሌዳውን ማስመሪያ አነሡ።

"ሮማዊ ምልምል ወታደር መጀመሪያ ብረት አይሰጠውም" አሉ። "የእንጨት ሰይፍ ነው የሚሰጠው፤ ያውም የእውነተኛውን እጥፍ የሚከብድ! የሰው ቁመት የሚያህል ግንድ ይተከልለትና ጧትና ማታ ያን ግንድ ሲታገል ይውላል።"

"እንጨት ይዞ?" አልሁ እኔ። "ወታደር ነው ወይስ የሰብል ጠባቂ?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሳቸውም ሳቁ። "አንተ ቀንበር ጠራቢው፣ ስማ። በከባዱ የለመደ ክንድ እውነተኛውን የያዘ ቀን ላባ የያዘ ይመስለዋል። ሁለተኛ ደግሞ፣ ሰይፍ አይወናጨፍም። እጅህን ስታነሣ ጎንህ ይገለጣል። ከጋሻህ ሥር ሆነህ አጭር ውጋ! ማንም አያይህም። የተወጋው ራሱ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።"

ወይ ጉድ! ያቺን ትምህርት እንዴት አድርጌ ተማርኋት።

አያልነህ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። "መምህር፣ ትምህርቱ ሲያልቅ እንጨቱን ምን ያደርጉታል?"

"የወታደሩን እንጃ" አሉ። "ግን ለሕዝብ ጨዋታ እርስ በርስ እንዲጋደሉ የሚገደዱ ባሮች ነበሯቸው። ከእነዚያ አንዱ ነጻ ሲወጣ በሕዝብ ፊት የእንጨት ሰይፍ ይሰጠዋል። 'በቃህ፣ ከእንግዲህ አትዋጋም' ማለት ነው።"

"ደስ ይላል" አለ አያልነህ ቀስ ብሎ። "ሰይፍ ተቀብሎ ከሰይፍ መፈታት።" እኔ በክርኔ ጎሸም አድርጌ አሾፍሁበት፤ "አንተማ እዚያም ቅዳሴ ታገኛለህ።"

መምህሩ ያን ለት ወሰኑ። ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ የዘውድ በዓል፣ ገዥው ከነሹማምንታቸው ይመጣሉ፤ የእኛ ክፍል የሮማ ወታደር ልምምድ ያሳያል። የሚበልጠው ተማሪ "የመቶ አለቃ" ተብሎ ይመራል። አቤት አቤት! እንቅልፍ ማን ይተኛ! ሃያ ጎረምሳ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ግንድ ተክለን ማለዳ ከደወል በፊት፣ ከሰዓት ከደወል በኋላ ስንወጋው እንውላለን። ጋሻ ስላልነበረን የእናቶቻችንን እንቅብ ሰርቀን ወጣን፤ ቂጡ የተቦተረፈ እንቅብ ይዞ ቤት የገባ ሁሉ በእናቱ ዱላ ሁለተኛ ልምምድ ያደርግ ነበር። ክንዳችን አብጦ ማንኪያ ማንሳት ያቅተናል፤ በማግሥቱ ግን ማን ቀድሞ ግንዱ ዘንድ እንደሚደርስ እንሽቀዳደማለን። ይኸው አሁን ስጽፈው ትከሻዬ ይበላኛል! ኑዛዜ ላይ ተቀምጬ ደስ ሲለኝ ታዘቡኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ወር የሞቀኝ ጊዜ የለም።

ችግሩ ክብደቱ ነበር። የአያቴን ጎራዴ ከግድግዳ አውርጄ፣ ከባሕር ዛፍ ከጠረብሁት ሰይፍ ጋር ይዤ ከአያልነህ ጋር ገበያ ወረድን፤ ሐጂ ሰይድ ዘንድ። ሐጂ ጨውና በርበሬ የሚነግዱ፣ በሚዛናቸው ክርስቲያኑም እስላሙም የሚምልላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጎራዴውን በአንዱ ወጭት፣ እንጨቱን በሌላው አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"የአላህ ያለህ! ጨው መዘንሁ፣ በርበሬ መዘንሁ፣ ማገዶ ከጎራዴ ጋር ስመዝን ግን ይኸው ዛሬ ነው። ልጆቼ፣ ይህ ባሕር ዛፍ እጥፍ ይክበድ ካላችሁ ሞፈር ሊያክል ነው። ልትዘምቱ ነው ወይስ ልታርሱ?"

"ታዲያ ምን ይሻለናል ሐጂ?" አለ አያልነህ።

"ወይራ ነዋ። እሱም የሸመገለ፣ ልቡ የጠቆረ። ውኃ ላይ ቢጥሉት የሚሰጥም።"

የሸመገለ ወይራ በአገራችን የት ይገኛል? ሁሉም ለቤትና ለእርሻ አልቋል። አንድ ብቻ ቀርቷል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ የድንጋይ ደወሉ የተንጠለጠለበት ዛፍ። ከደወሉ በላይ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ነበረው። የቅጽር ዛፍ ደረቀም ረጠበም ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ካልሆነ በቀር አይነካም፤ ከመሬት የወደቀ ጭራሮ እንኳ ማንም ቤቱ አይወስድም፤ ግዝት ነው። አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። "ደርቋል እኮ፤ ማንን ይጎዳል?" አልሁ ለራሴ። ይህን ስል ማንን እያታለልሁ ነበር? እግዜርን? ዛፉን?

በገበያ ቀን፣ በቀትር፣ አገሩ ሁሉ ወደ መካነ ኢየሱስ ወርዶ መንደሩ ጭር ሲል የአባቴን ምሳር ይዤ ወጣሁ። ቆረጥሁት። ምሳሩ ባረፈ ቁጥር ከሥሬ ያለው የድንጋይ ደወል ነዘር ይል ነበር፤ "እምም" ይላል፣ አሁንም "እምም" ይላል። የቅጽሩን በር እያየሁ እንደገና እመታለሁ። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ብቻ አልነበረም፤ ደስታም ነበረበት። ቁስሉን በጭቃ ለቅልቄ፣ ቅርንጫፉን በገለባ ጠቅልዬ ተሸክሜው ወረድሁ።

ከዚያ እንጨት ሁለት ሰይፍ ይወጣል። የመጀመሪያውን ለአያልነህ ሠራሁለት። ለምን ለራሴ አላስቀደምሁም? ስለምወደው ነበር። እንግዲህ እመኑኝ ወይም ተዉት፣ እወደው ነበር። ጠርቤ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ቀብቼ ሰጠሁት። ሲጨብጠው ክንዱ ወደ ታች ወረደ፤ ዓይኑ በራ።

"እጅጉ፣ ይህ እንጨት አይደለም፤ ብረት ነው! ከየት አመጣኸው?"

"ከቆላ ሰው አመጣልኝ። ግን ስማ፣ ማን እንደሠራው እስከ በዓሉ ለማንም አትናገር። የኔንም ጨርሼ አብረን እናስገርማቸው።"

"በቃሌ" አለ፣ እጁን እደረቱ ላይ አድርጎ። "አንተ ራስህ እስክትናገር ከአፌ አይወጣም።"

ያን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጎዳው ብዬ አልነበረም፤ ለራሴ ፈርቼ ነው። ግን ምን ለውጥ አለው?

የኔ ጉማጅ ገና ሳይጠረብ በገለባ ክምር ውስጥ ተደብቆ ሳለ አያልነህ በዚያ ሰይፍ ሰለጠነበት። ክንዱ ጠነከረ። በሁለት ሳምንት ሁላችንንም አሸነፈ፤ እኔን ሦስት ጊዜ ገለበጠኝ፤ በሦስተኛው እንቅቤ ተበጥሶ መሬት ላይ ተዘረርሁ። መምህር ታደሰ እጁን ይዘው ከፍ አደረጉት፤ "የመቶ አለቃችን!" ሜዳው በጩኸት ተናጋ። እኔም ጮኽሁ። እያጨበጨብሁ፣ አፌ እየሳቀ፣ ዓይኔ ግን ከሰይፉ አልነቀል አለ። በሰጠሁት ሰይፍ! በእኔ እጅ ሥራ፣ እኔ ነፍሴን አስይዤ ባመጣሁት እንጨት እሱ የመቶ አለቃ፣ እኔ አጨብጫቢ!

በዓሉ ስምንት ቀን ሲቀረው የጥቅምት ዝናብ ጣለና በቅርንጫፉ ቁስል ላይ የለቀለቅሁትን ጭቃ አጠበው። ማለዳ ደወል ሊመታ የወጣው ሰው አይቶ ጮኸ። የደብሩ አለቃ ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አውጫጭኝ ጠራ።

የዛሬ ልጅ አውጫጭኝን አያውቀውም። በዚያ ዘመን በደል ተሠርቶ በዳዩ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። በዳዩ እስኪገኝ ሥራ የለም፤ አራሹ አያርስ፣ አጫጁ አያጭድ። ሽማግሎች ፈንጠር ብለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ወንዱ ሁሉ አንድ በአንድ ቀርቦ "ያየሁትን አልደብቅም" ብሎ ይምልና የሚያውቀውን በጆሯቸው ሹክ ይላል። የነገረው ሰው "ወፍ" ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ ለዘላለም አይገለጥም፤ ሽማግሎቹ "ወፍ እንዲህ አለች" ብቻ ይላሉ።

አንድ ቀን ዋልን። ወፍ የለም። ሁለተኛ ቀን ዋልን። ወፍ የለም። ገብሱ ደርሶ ዛላውን ደፍቷል፤ በስተ ምሥራቅ የበረዶ ደመና ይጠቁራል። ሰዉ ተንጫጫ። አባቴ፣ የገዛ አባቴ፣ ከመካከል ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ "ያደረግኸው፣ ውጣ! የልጆቼን ጉሮሮ አትዝጋ! ሰው አይደለህም ወይ?" እኔ ከአጠገቡ ተቀምጫለሁ። ነጠላው ጉልበቴን ይነካኛል።

በሦስተኛው ቀን ተራዬ ደረሰ። በመስቀል ፊት ተንበረከክሁ። ማልሁ። ከሽማግሎቹ አንዱ ጆሯቸውን አስጠጉልኝ። ልናገር ነበር፤ "እኔ ነኝ" ልል ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ "እ" ብያለሁ። ከዚያ የመምህር ታደሰ ድምፅ መጣብኝ፤ ከጋሻህ ሥር፣ አጭር፣ ማንም አያይህም።

"የዲያቆን አያልነህን ቤት እዩ" አልሁ። "የወይራ ሰይፍ አለው።"

ይኸው ነው። ይህን ያህል ብቻ ነው። ከቃሎቹ አንዱ እንኳ ውሸት አልነበረበትም! አያችሁ ተንኰሌን? በመስቀል ፊት እውነት ብቻ ተናግሬ ሰው ገደልሁ። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ይላሉ። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም፤ አስቤ፣ አነጣጥሬ ነው። ደግሞም ምንም አልከበደኝም፤ ላባ ነበር። ወደ ቦታዬ ስመለስ ልቤ እንደዚያ በግንዱ ፊት እንደሚደልቀው ይደልቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ነው ለንስሐ አባቴ መናገር ያቃተኝ፤ ወፍ መሆኔን ሳይሆን ደስ ማለቱን።

ሰዎች ሄደው ሰይፉን አመጡት። አለቃው ከዛፉ ቁስል ጋር አስተያዩት፤ የልቡ ጥቁረት አንድ ነው። ሽማግሎቹ "ወፍ እንዲህ አለች" አሉ። እማሆይ ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል "ዋ!" ብለው ወደቁ።

"ልጄ፣ ከየት አመጣኸው?" አሉ አለቃው።

አያልነህ መጀመሪያ ሰይፉን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ነቀለልኝ፣ ሰው እንዳይከተለው ብሎ ይመስለኛል።

"የሰጠኝ ይናገር" አለ።

"ማነው የሰጠህ?"

"ቃል አለብኝ። የሰጠኝ ሰው ግን እዚህ አለ። እሱ ይናገር።"

ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ መካከል ስንት ጊዜ አፌን ከፈትሁ! ከእኔ እስከ እሱ ሦስት ክንድ ነው። አንድ ቃል ነበር የፈለገው፤ "እኔ"። በዚህ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ "እኔ፣ እኔ" እንዳልሁ ቁጠሩት፤ ያን ቀን ግን አንዲቷ ጠፋችኝ። ከኋላ አንዱ "ሌባ ሁሉ 'የሰጠኝ አለ' ነው የሚል!" ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም አብሮ ጮኸ፤ አለቀ።

ዲቁናውን ተቀማ። እሑድ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከደጀ ሰላሙ ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ ላልሠራው በደል፣ በእኔ ፊት። አለቃው እያለቀሱ "ለቤተ ልሔም የምልከው ቃል የለኝም ልጄ" አሉት። ሰይፉንም "በደል የተሠራበት እንጨት ተመልሶ ቅጽር አይገባም" ብለው ወደ እሱ ወረወሩት። በዚያው ሰሞን አባቴ ገብሱን እያጨደ፣ ደመናው አልፎለት፣ ደስ ብሎት፣ "ያቺን ወፍ እግዜር ይባርካት!" አለ። እኔ ከኋላው ነዶ እያሰርሁ "አሜን" አልሁ።

የኔን ጉማጅ ወንዝ ወሰድሁና ጣልሁት። ሐጂ ሰይድ እንዳሉት ሰጠመ።

ጥቅምት ሃያ ሦስት የመቶ አለቃው እኔ ሆንሁ። ያን ቀን ብታዩኝ! ባሕር ዛፍ ሰይፌን ይዤ የቀሩትን አሰልፌ ሜዳው ላይ ስወጣ እልልታው ሰማይ ነካ። ገዥው ቆመው አጨበጨቡ፤ ስሜን ጠየቁ። ጮቤ ረገጥሁ። መምህር ታደሰ ግን አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ግንዱን ያዩ ነበር። በኋላ አስተማሪ ሆንሁ፣ እንደ እሳቸው የታሪክ አስተማሪ። ሠላሳ ዓመት የሮማን ታሪክ አስተማርሁ። የእንጨት ሰይፉ ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ።

አያልነህ እናቱን ይዞ ስማዳ ወረደ። አርሶ አደረ። እማሆይ "ልጄ አይቆርጥም" እያሉ ሞቱ። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አላስችል አለኝና ልነግረው ስማዳ ድረስ ሄድሁ። በቀትር ደረስሁ። ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ፤ ጠላ ቀዳልኝ፣ ጠቦት ካላረድሁ ብሎ ተሟገተኝ። ስቀመጥ ከበሩ ጥግ የተደገፈውን አየሁ፤ የበሩ መቀርቀሪያ ያ የወይራ ሰይፍ ነው! እጀታው በእጅ ብዛት አብረቅርቋል።

"አወቅኸው?" አለኝ እየሳቀ። "አልሰነጠቀም። ጥሩ እጅ ነበረህ።" ከዚያ ጠበቀኝ። አፌን ከፈትሁ። ያወጣሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? "እንቅቤ የተበጠሰ ቀን ትዝ ይልሃል?" አልሁት። በሳቅ ሞትን! ሁለት ሽማግሌ ተነሥተን፣ እሱ መቀርቀሪያውን እኔ ምርኩዜን ይዘን በደጁ ተዋጋን፤ ልጁ ዘነበች ከማጀት ወጥታ "አብደዋል!" እያለች ሳቀች። እንደ ልጅነታችን ሞቀኝ። ከዚያ ኮፍያዬን አደረግሁና ሳልናገር ሄድሁ። እስከ ጥግ ሸኘኝ። ሲሰናበተኝም ጠበቀኝ። በመጀመሪያው ልጅ ነበርሁ ልበል፤ በሁለተኛው ምን ልበል? የስልሳ ዓመት ልጅ አለ?

ባለፈው ማክሰኞ ዘነበች በአውቶቡስ መጣች፤ ጥቁር ለብሳለች። ባሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቴ ላይ አኖረች። ክብደቱን ሳልፈታው አወቅሁት።

"አባቴ ሲያጣጥር 'ይህን ለእጅጉ ስጪው' አለኝ" አለች። "'በቃህ በይው፣ እሱ ይገባዋል' አለኝ። ምን ማለት ነው ጋሼ እጅጉ?"

ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ልንገራት? ያ ሰው ከስድስተኛ ክፍል የያዛትን ነገር ስልሳ ዓመት አቆይቶ ላከልኝ። ፈታኝ። ሳልጠይቀው፣ ሳልናገር፣ ነጻ አወጣኝ። ጮኼ አለቀስሁ፤ ልጅቱ ደነገጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት፤ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ስጨርስ "አያቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች" አለች። ነጠላውን ብቻ አጣጥፋ ይዛ ወጣች።

አያልነህ በቃህ ብሎኛል። እኔ ግን አልበቃኝም! ይቅርታው የእሱ ደግነት ነው፤ የኔን በደል አያሳንሰውም። የሱ ስም እስከ ዛሬ በአጥቢያችን "የደወሉን ዛፍ የቆረጠው ዲያቆን" ነው፤ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። እንግዲህ እሑድ ያን ሰይፍ በአንገቴ አጋድሜ ከደጀ ሰላሙ እወድቃለሁ፤ እሱ በወደቀበት። ልጁም እንድትመጣ ልኬባታለሁ፤ ትምጣ አትምጣ እሷ ታውቃለች። ካህናቱ ሊፈቱኝ ቢነሡ እምቢ እላለሁ፤ መጀመሪያ የሱን ስም መልሱ፣ የኔ ይደር። የምለውንም ይኸው ጽፌዋለሁ፤ አጭር ነው፣ ግን ይህን ጊዜ ከጋሻ ሥር አይደለም፤ ጎኔን ገልጬ፣ ሁሉ እያየኝ ነው።

ዲያቆን አያልነህ አልቆረጠም። እኔ እጅጉ ነኝ የቆረጥሁት። ወፏም እኔ ነበርሁ።